እስከ ትለምሳን ብቻ

ፌዝ፣ ሞሮኮ
ማርች 11 ቀን 1989

ለእትዬ ዙሊኻ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ጂላሊ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የአባባ ጉልበት ብቻ ብርድ ሲመጣ ማጉረምረሙን አልተወም።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ጥያቄሽን ባጭሩ ልመልስ፦ አዎ፣ ወጣላቸው። ፓስፖርታቸው ሐሙስ ዕለት እጃቸው ገባ። ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ "ይሄ ሽማግሌ ማነው? እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ሰውዬ ድንበር አላሳልፈውም" አሉኝ። ከዚያ ግን ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር ከተቱት።

እንግዲህ ጉዞው እውነት ሆነ ማለት ነው። ድንበሩ ከተከፈተ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ባቡሩም እንደ ድሮው ይመላለሳል፤ የተቀመጥነው እኛ ነን። የማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ እንነሳለን። በዚህ ዕድሜያቸው ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ጊዜ ላንገላታቸው ስላልፈለግሁ እንደ ሽርሽር አድርጌ ከፋፍዬዋለሁ። መጀመሪያ ታዛ እናድራለን፤ እዚያ የጦር ሠራዊት ጓደኛቸው ነበር፣ ካለ እንጠይቀዋለን። ቀጥሎ ኡጅዳ። ከዚያ ድንበሩን አልፈን ትለምሳን፤ ፏፏቴውን ያዩና ይረፉ። ከትለምሳን አንቺ ዘንድ ሲዲ ቤልአባስ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይጥገቡ። ከዚያ ኦራን። ጉልበታቸው ከፈቀደ አልጀርስንም ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ግን "አልጀርስ ምን አለኝ?" ይላሉ።

እሳቸው የሚያልሙት ኦራንን ብቻ ነው። ጸጉር አስተካካይ ሱቃቸው ውስጥ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ግማሽ ፊቱን በሳሙና እንደለቀለቁ ትተው ስለ ኦራን ጣቢያ ሰዓት ያወሩለታል። ደንበኛው ሳሙናው እየደረቀበት ይሰማል፤ ምን ያድርግ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በአረፋ ሰሞን የአልጄሪያ ፖሊሶች እኔንና እሳቸውን ከኦራን "ሞሮኮዎች ናችሁ፣ ውጡ" ብለው በጭነት መኪና ሲያወጡን፣ አንቺ አራስ ስለነበርሽ እማ ካንቺ ጋር ነበረች። "ደህና ሁኚ እንኳ ሳልላት" የሚሉትን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላህ ያውቃል።

አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ ለእማ ንገሪልኝ። "ቤት ድረስ አንተ አትምራኝ። ጣቢያ ትምጣና እሷ ትውሰደኝ" ብለዋል።

ያለፈውን ሰላምታዋን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። የእኔንም የእሳቸውንም ሰላምታ አድርሺልን።

ወንድምሽ ሚሉድ


ሲዲ ቤልአባስ፣ አልጄሪያ
ኤፕሪል 2 ቀን 1989

ለወንድሜ ለሚሉድ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ደብዳቤህ ስትደርሰኝ ሊጥ እያቦካሁ ነበር፤ በሊጥ እጄ ስለቀደድኳት ጫፏ እስካሁን ነጭ ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ትልቁ ልጄ ድምፁ ጎርንኖ ጂላሊን መስሏል። እማም ደህና ናት፤ ለአባባና ላንተ ሰላምታዋን ታቀርባለች።

የፓስፖርቱን ነገር ሳነብ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። አባባን አያለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ልጆቼ አንድም ቀን አላዩዋቸውም፤ ያኔ አራስ የነበርኩበት ትልቁ ልጄ እንኳ አሁን አንገቴ ድረስ ደርሷል።

ስለ ኦራን ግን ቆም ብለህ አስብ። በጁላይ ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ ሲመጣም ጨው ጨው ይላል። ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ፈረንሳይ ያለው ሰው ሁሉ ለእረፍት ስለሚመጣ ሆቴል አይገኝም። ለምን ትለምሳን ላይ አታቆሙም? አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ለእርጅና ይስማማል። እኔ ልጆቹን ይዤ እዚያ ድረስ እመጣለሁ፤ አንድ ሳምንት አብረን እንቀመጣለን።

ደግሞም እማ በድሮው ቤት አይደለችም። ቤት ቀይራለች። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ለአባባ ጉልበት የሚሆን አይደለም። ጣቢያ የመምጣቱን ነገር... ሳገኛት አነሳባታለሁ። አንተ ግን ለአባባ አስቀድመህ ቃል አትግባ።

ረመዳን ደረሰ። አላህ በደህና ያስጨርሰን።

እህትህ ዙሊኻ


ፌዝ
ኤፕሪል 27 ቀን 1989

ለእትዬ ዙሊኻ፣

ረመዳን ሙባረክ። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ለአባባ ግን አንዱን ብቻ ነው ያነበብኩላቸው። ሁለተኛውን ጀምሬው፣ የት ላይ እንደማቆም ስላላወቅሁ "የእጅ ጽሑፏ አይነበብም" ብዬ አጠፍኩት።

አባባ ጥርስ አሠርተዋል። እውነቴን ነው። የሚወልቅ ጥርስ፣ የላይኛው በሙሉ። በጾም ቀን ሐኪሙ ዘንድ አፋቸውን ከፍተው ሲቀመጡ፣ "አባቴ፣ ከዒድ በኋላ ብናደርገው ምን አለ?" ቢላቸው፣ "ከዒድ በኋላ እስኪለምድ ጊዜ የለኝም" አሉት። ቤት መጥተው መስተዋት ፊት ቆመው "ሰዕዲያ" ይላሉ። የእማ ስም ላይ ጥርሱ ያፏጫል። እስኪያስተካክሉት ደጋግመው ጠሯት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ሰገነት ወጣሁ፤ እዚያ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

እትዬ፣ መጀመሪያ ውሃ አልሽ። ቀጥሎ ሙቀት፣ ቀጥሎ ሆቴል፣ ቀጥሎ አራተኛ ፎቅ። በሁለተኛው ደብዳቤሽ ደግሞ ቤቷን የያዙት ቀለም ቀቢዎች። አንቺ እኮ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሸት አይሆንልሽም፤ አንድ ሰበብ የሚበቃውን በአምስት ታስሪዋለሽ።

ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅሽ። እማ በሕይወት አለች?

ካለች፣ በገዛ አፏ የተናገረችውን አንድ ነገር ጻፊልኝ። "ሰላም ትላችኋለች" የሚለውን አልፈልግም። ካለፈች ደግሞ ንገሪኝና ለእሳቸው እንዴት እንደምነግራቸው ልወቅበት። ጥርሳቸውን እያፏጩ ጣቢያ ለጣቢያ ልጎትታቸው አልችልም።

ሚሉድ


ሲዲ ቤልአባስ
ሜይ 10 ቀን 1989

ወንድሜ ሚሉድ፣

ዒድ ሙባረክ። ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ስለዚህ ዙሪያውን አልዞርም።

እማ በሕይወት አለች። ጤናዋም ደህና ነው። የደበቅሁህ ሌላ ነው። እማ አግብታለች። ስምንት ዓመት ሊሆናት ነው።

ሰውየውን ታውቃቸዋለህ። ሰው ሁሉ በአክብሮት ሲ ቃዳ የሚላቸው ናቸው፤ ወደብ ሚዛን ላይ ይሠሩ የነበሩት፣ አባባ ሐሙስ ሐሙስ የሚላጯቸው። አንተን ሲያዩ ከኪሳቸው ካራሜላ ያወጡ ነበር።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እማ ያልጠናችው ደጅ የለም። እናንተ ዘንድ ለመምጣት ወረቀት ስትጠይቅ ከለከሏት። አያታችን አልጋ ላይ ነበረች፣ ጥላት መጥፋትም አልቻለችም። ቤቱ በአባባ ስም ስለነበር ልቀቂ ተባለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አምስት ዓመት ቆየች። አንድ ቀን እዚህ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ፣ "ዙሊኻ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ባል አለኝ ልበል ወይስ የለኝም ልበል? አንቺው ንገሪኝ" አለችኝ። ምን ልበላት? ፍርድ ቤቱ ባሏ ከሄደ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠይቆ ፈታት። ሲ ቃዳ ሚስታቸው ሞታባቸው ነበር። ኒካሑ የታሰረው እኔ ቤት ነው።

ልጽፍልህ ወረቀት ባወጣሁበት ሰሞን ያንተ ደብዳቤ ቀድማ ደረሰች። አባባ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ነበሩ። "እህል የሚቀምሱት የእማን ሰላምታ ሳነብላቸው ብቻ ነው" ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም ሰላምታ ጻፍኩ። በሚቀጥለውም ጻፍኩ። ጥርሷን አመማት፣ አዲስ ቀሚስ ሰፋች፣ ሾርባ እየሠራች አነሳችህ እያልኩ ቀጠልኩ። ጥርሷን ማመሙ እውነት ነው። ቀሚሱም እውነት ነው። "ትናፍቃችኋለች" ያልኩት ከእኔ ነው። እሷ ስማችሁን አታነሳም። ሌላ ሰው ሲያነሳው ከክፍሉ ትወጣለች።

አሁን ምን ይደረግ? ለአባባ ይነገራቸው ወይስ ጉዞው ይቅር? የፈረድከውን እቀበላለሁ። ብቻ ዝም አትበለኝ።

ዙሊኻ


ፌዝ
ሜይ 23 ቀን 1989

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም ብለሽ አትቀየሚኝ፤ እጄ ሰላምታ ጻፍ ብለው እምቢ አለኝ።

ሰውዬውን አስታወስኩት። ካራሜላውንም አስታወስኩት፤ ከሚንት የተሠራ፣ አረንጓዴ ወረቀት ያለው። እስከ ዛሬ ያ ካራሜላ ሲነሳ አፌ ውሃ ይሞላ ነበር። ተበላሸብኝ።

ምን እንዳስቆጣኝ ታውቂያለሽ? ማግባቷ አይደለም። ስለ እሱ ሳስብ እማ ላይ መቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። ውሸቱን የጻፍሽው አንቺ ብትሆኚም ድምፁን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ አልጋቸው ጠርዝ ተቀምጬ "ትናፍቃችኋለች" ብዬ ያነበብኩላቸው፣ ያውም ድምፄን እንደ እሷ አለስልሼ።

ጉዞውን ልሰርዘው ሞከርኩ። ማታ እራት ላይ፣
"ባቡሩ ቆሟል አሉ" አልኳቸው።
"ማን አለ?"
"ሬዲዮ።"
በማግሥቱ ሱቁን ዘግተው ያን ጉልበታቸውን እየጎተቱ ጣቢያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ትኬት ሻጩን ጠየቁት። ሲመለሱ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከሩ፣ "ያንን ሬዲዮ አሠራው" አሉኝ።

ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ "ሲ ቡዚያን፣ ሙሽራው" እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

እኔ ልነግራቸው አልችልም። ሦስቴ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቴም ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከዚያ ሰውዬ ጋር ደስተኛ ናት?

ሚሉድ


ሲዲ ቤልአባስ
ጁን 8 ቀን 1989

ወንድሜ ሚሉድ፣

በደብዳቤህ አልተቀየምኩም። ጂላሊ "ምን ይላል?" ሲለኝ "ተናዷል" አልኩት፤ "ጥሩ፣ ዝም ቢል ነበር የሚያስፈራው" አለኝ።

"ሰውዬው" አትበላቸው። አባባን የሚያክሉ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ግማሽ ጎናቸውን መቷቸው ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። እማ ታጎርሳቸዋለች፣ ቁልፋቸውን ትቆልፍላቸዋለች። ደስተኛ ናት ወይ ላልከው፣ እኔ እንጃ። ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ድሮ ታንጎራጉር እንደነበር ታስታውሳለህ? እኔ አላስታውስም።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነገርኳት። አተር እየፈለፈለች ነበር።
"ማን ይመጣል አልሽ?"
"አባባ። ከሚሉድ ጋር። በባቡር።"
"የት?"
"ትለምሳን ድረስ።"
"ትለምሳን ጥሩ ነው" አለች። "አየሩ ጥሩ ነው።"
አተሩን እስከ መጨረሻው ፈለፈለች። ተነስታ ታጠበች። በር ድረስ ስትሸኘኝ ክንዴን ይዛ፣ "ሚሉድ ቁመቱ እስከ የት ደረሰ?" አለችኝ። በገዛ አፏ የተናገረችውን ጠይቀኸኝ ነበር። ይኸው።

ሲ ቃዳም ሰምተዋል። "ቡዚያን ከመጣ ቤቴ ክፍት ነው፤ ቢሰድበኝም እሰማዋለሁ" አሉ። እማ ግን "አይሆንም" አለች። እኔም አይሆንም እላለሁ።

እንዲህ እናድርግ። ትኬቱን እስከ ትለምሳን ብቻ ቁረጥ። እኔ ቀድሜ መጥቼ እጠብቃችኋለሁ። መጀመሪያ ልጆቹን ይዩ፣ ይብሉ፣ ይረፉ። ከዚያ ሁለታችን አንድ ላይ እንነግራቸዋለን። ብቻህን አትሸከመው።

ዙሊኻ


ፌዝ
ጁን 20 ቀን 1989

እትዬ፣

እሺ። ረቡዕ ጁላይ 5 ትለምሳን እንገባለን።

አባባ ትኬቱን አገላብጠው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ "ለምን ኦራን ድረስ አልቆረጥክም?" አሉኝ። "ከዚያ ወዲያ ያለው እዚያው ነው የሚቆረጠው" አልኳቸው። አመኑኝ። ማመናቸው ነው የከፋኝ።

ለእማ ቁመቴን ንገሪያት። ከአባባ በራስ እበልጣለሁ። እሳቸው ግን እያጠሩ ስለሆነ ይሄ ትክክለኛ ልኬት አይሆንም።

ሚሉድ


ሲዲ ቤልአባስ
ጁላይ 30 ቀን 1989

ወንድሜ ሚሉድ፣

በደህና መግባታችሁን በጂላሊ ዘመድ በኩል ሰማሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ትለምሳን ጣቢያ ላይ ስንለያይ በቅጡ ስላልተሰናበትኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። አባባን አቅፌ መልቀቅ አቃተኝና አንተን ረሳሁህ።

አባባ ብቻቸውን ኦራን በሄዱበት ቀን ምን እንደሆነ በዘመዱ በኩል ጠይቀኸኛል። አባባ ሲመለሱ እኔም አንተም ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረንም። አሁን ከእማ አፍ የሰማሁትን ልንገርህ፤ የጨመርኩት የለም።

ከዚያ በፊት ግን፣ እኔ በሐሳቤ ከዚያች የትለምሳን ሆቴል ክፍል እስካሁን አልወጣሁም። ስንነግራቸው ሻዩ ውስጥ ያለውን ስኳር ሲያማስሉ፣ ከሟሟ በኋላም ሲያማስሉ ይታየኛል። "ማንን?" አሉ። ነገርናቸው። "ቃዳን" ብለው ደገሙት፣ ስሙ ትክክል መሆኑን እንደሚያጣሩ ሁሉ። ከዚያ ልጆቹን ፏፏቴ እንውሰዳቸው ብለው ተነሱ። ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ሲስቁ ዋሉ፤ እኛም ሞኞቹ አለፈ ብለን ተነፈስን። በማግሥቱ ጠዋት አልጋው ባዶ። አንተ መጀመሪያ ያየኸው ቦርሳውን ነው፤ ምላጭና መቀሳቸውን የሚይዙበት ቦርሳ የለም። ጣቢያ ስንደርስ የኦራን ባቡር ሄዷል፤ ሌላ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ፊትህ አመድ መስሎ "ምላጩን ይዘውታል" አልከኝ። የቀረውን ሁለታችንም አልተናገርነውም።

የሆነው ይሄ ነው።

ኦራን፣ ምዲና ጅዲዳ ሰፈር፣ የድሮው ሱቃቸው አጠገብ ሄደው "የሚዛኑ ቃዳ የት ነው?" ብለው ጠየቁ። አሳዩዋቸው። አራቱን ፎቅ ወጡ። እማ ኩሽና ነበረች፤ በሩን የከፈቱት ሲ ቃዳ ናቸው። ከበሩ በኩል የሚያለከልክ ሰው ሰማች፦
"ቃዳ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለህ? ይሄ ደረጃችሁ ማለቂያ የለውም።"
እማ በድምፁ አወቀቻቸው። የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። አልወጣችም።

ገብተው ተቀመጡ። ውሃውን ጠጡ። ሲ ቃዳ፣ "ቡዚያን፣ ልትለኝ የመጣኸውን በለኝ። አልከለክልህም" አሏቸው። አባባ ግን የሚያዩት የሲ ቃዳን አገጭ ነበር። በቁስል የተቆራረጠ፣ እዚህም እዚያም ጸጉር የቀረበት አገጭ።
"ማነው እንዲህ የፈጀህ?"
"ሰዕዲያ ናት። እጄ ከከዳኝ ወዲህ የምትላጨኝ እሷ ናት።"

ከዚያ አባባ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ወደ ኩሽናው ዞር ብለው "ውሃ ይሙቅ" አሉ።

ውሃ አሞቀች። ሌላ ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም ነበር። ሳህኑን ይዛ ስትገባ አባባ ምላጩን ቀበቷቸው ላይ እየሳሉ ነበር። ቀና ብለው አላዩዋትም። "በጥርሱ ምክንያት አፉን አላወቅሁትም፤ እጁን ግን አወቅሁት" አለችኝ። ሲ ቃዳን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ ፎጣ አሰሩላቸው፣ ሳሙናውን መቱ። ግራ ጉንጫቸውን ላጩ። ቀኙን ላጩ። "ጉንጭህን ንፋ" ሲሏቸው ነፉ፤ እንደ ድሮው ሐሙስ። አንገታቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ሲ ቃዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማ ሳህኑን አስቀምጣ "ቡዚያን" አለች።
"አትንቀሳቀስ" አሉ አባባ። ለማን እንዳሉት እስካሁን አታውቅም።
ከዚያ ቀጠሉ። ጨረሱ። ጠረጉላቸው።

ምላጩን አጥፈው ሲነሱ ነው ያዩዋት። "አገጩ ላይ ጸጉሩ ከታች ወደ ላይ ነው የሚበቅለው፤ ተከትለሽው ሂጂ" አሏት። "ምላጩንም አታቁሚው። አስተኚው።" ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የሰማችው ይሄን ነው። ሲ ቃዳ ምሳ እንዲቀመጡ ለመኗቸው። "ባቡር አለብኝ" ብለው ወጡ። እማ ደረጃው ላይ እርምጃቸውን እስከ ምድር ድረስ ሰማችው፤ በየፎቁ ያርፉ ነበር።

ማታ እኛ ዘንድ ሐብሐብ ታቅፈው ሲመለሱ ያየናቸው ከዚህ በኋላ ነው። አንተ ቦርሳውን ተቀብለህ ወደ ሽንት ቤት ስትሮጥ ምላጩን ልታይ እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔም ያንተን ፊት ስጠብቅ ነበር።

እማ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ለአባባ በይልኝ ያለችኝ ቃል የለም። ጠበቅኋት፤ አልመጣም። የሌለውን አልጽፍልህም።

ዙሊኻ


ፌዝ
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1989

ለእትዬ ዙሊኻ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺም ልጆቹም ጂላሊም እንደምን ናችሁ? ይህን ያህል ስለቆየሁ ይቅርታ። የአባባ ነገር መልክ እስኪይዝ እየጠበቅሁ ነበር። አልያዘም፤ እንዲሁ ልጻፍልሽ።

በመልሱ መንገድ ኡጅዳ ላይ ጥርሳቸውን አውልቀው መሐረብ ውስጥ ጠቀለሉና "ድዴን ፈጀኝ" አሉ። ታዛ ስንደርስ የጦር ሠራዊት ጓደኛቸውን እንፈልግ ስላቸው፣ "ከሞተም ሞቷል፣ ካለም አለ፣ ተወው" አሉኝ። ስንሄድ ግን ስለዚያ ሰው ነበር መንገዱን ሙሉ ያወሩት።

እዚህ ሰው ሁሉ ጠበቃቸው። "ሽርሽሩ እንዴት ነበር?" ሲሏቸው "ባቡሩ ንጹህ ነው፣ ትለምሳን ውሃው ጣፋጭ ነው" ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪው "ሙሽሪትስ?" ቢላቸው፣ "ደህና ናት" ብለው ዳቦውን ተቀብለው ወጡ። እኔ ዞር ብዬ ሰውየውን ሳየው አቀረቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀም።

ከስተዋል። ሾርባውን ይጀምሩታል፣ አይጨርሱትም። ሱቁን ግን አንድም ቀን አልዘጉም።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ልደብቀው ነበር፤ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ሲቀመጡ አልቻልኩም። ሙሉውን አነበብኩት፣ ያንን አንገት ላይ የቆሙበትንም ሳይቀር። እዚያ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ፤ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። ሲያልቅ፣
"ሰላምታ የለውም?" አሉኝ።
"የለውም።"
"ጥሩ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ያኔ ሆስፒታል ሳለሁ የምታነብልኝስ?"
ደብዳቤውን ሳጥፍ አዩኝና፣ "ተወው፤ ያኔ ሾርባው ራሱ ጥሩ ነበር" አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን ወይም ነገሩን መዝጋታቸው አልገባኝም። አንቺም ስታነቢው እንዳታለቅሺ፤ ቁጣ ግን በፊታቸው አላየሁም።

ስለ ሲ ቃዳ ክፉ አልተናገሩም። በጎም አልተናገሩም። እኔም፣ ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ሰውዬው ማለቴን ትቻለሁ።

የምጽፍልሽ ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤቱ ምዝገባ ስመለስ ሱቅ ገብቼ ተቀመጥኩ። አንድ ወፍራም ነጋዴ ወንበሩ ላይ ነበር። አባባ አገጩ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አቆሙና፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ በመስተዋቱ ውስጥ እያዩኝ፣
"አሁን ቃዳን የሚላጨው ማነው?" አሉ።
"እማ ትመስለኛለች።"
"ትመስለኛለች አትበለኝ። ጠይቅልኝ።"
ነጋዴውን ጨረሱ። ምላጩን አጠቡ፣ አደረቁ።
"ማርች ላይ ባቡሩ ይኖራል?"
"ይኖራል።"
"ኦራን ድረስ?"
"ኦራን ድረስ፣ አባባ።"
ከዚያ ወዲህ አላነሱትም። ለማን ብለው መሄድ እንደፈለጉ አላውቅም፤ ለሲ ቃዳ ይሁን፣ ለእማ ይሁን፣ ወይም ለራሳቸው እጅ። ልጠይቃቸው ፈራሁ። ሐኪሙም ደረታቸውን ሰምቶ "እስኪ እስከዚያው እናያለን" ብሎኛል።

ስለዚህ እማን ጠይቂና ጻፊልኝ። እንዳሳዩዋት እየላጨች ከሆነ፣ እየላጨች ነው በይ። የሲ ቃዳ አገጭ ዛሬም ቁስል ካለበት፣ አለበት በይ።

ወንድምሽ ሚሉድ